የድህነት ቁጥር በሕግ ይወርዳል፣ በሕግ ይወጣል፦ በአሜሪካ ድምፅ ለምትሰጡ ወገኖቼ ግልጽ ደብዳቤ

በአሜሪካ ለምትኖሩ፣ ዜግነት ላገኛችሁና በምርጫ ድምፅ ለምትሰጡ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን ሁሉ፤

እንደምን ሰነበታችሁ?

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ስለ አሜሪካ ድህነት ነው። ስለ አገር ቤቱ ብዙ እናወራለን፤ የምንችለውንም እንልካለን። እዚህ ስላለው ግን ዝም እንላለን። አልፎ አልፎ ከተነሳም በለቅሶ ቤት ወይም ከቅዳሴ በኋላ ቡና ስንጠጣ የሚሰማው አንድ ነገር ነው፦ «አሜሪካ የሠራ ያልፍለታል። ያላለፈለት ሰንፎ ነው።»

እኔ በዚህ አልስማማም። ያልተስማማሁት አዝኜላቸው ብቻ አይደለም። መንግሥት ከስልሳ ዓመት በላይ በየዓመቱ የመዘገበው ቁጥር አለ። ያ ቁጥር ሲወርድም ሲወጣም ከጀርባው የምናገኘው የሰው ጠባይ መለወጥን ሳይሆን የሕግ መለወጥን ነው። ሕጉን የሚለውጡት ደግሞ እናንተ የምትመርጧቸው ሰዎች ናቸው። የምጽፍላችሁም ለዚህ ነው።

የዕለት ሥራዬ ሌላ ነው። የታክስ ወቅት ሲደርስ ግን ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሰዎች ታክስ በነፃ በሚሠራበት ቦታ በበጎ ፈቃድ አግዛለሁ። አማርኛ ስለምችል ወገኖቻችን ወደ እኔ ይመጣሉ። የኡበር ሹፌሩ 1099 የሚባለውን የገቢ ፎርሙን ይዞ ይመጣል። በነርሲንግ ሆም የምትሠራው እህት ሁለት ቦታ ሠርታ ሁለት ደብሊው-ቱ (የዓመት ደመወዝ ማስረጃ) ይዛ ትመጣለች። ሌሊት ፓርኪንግ ውስጥ አድሮ ጠዋት የሚመጣ አለ። ሰነፍ የሚባል ሰው ከፊቴ ተቀምጦ አላየሁም። ደክሞት ወንበሩ ላይ የሚያንጎላጅ ግን አይቻለሁ።

እስቲ ከመሠረቱ እንነሳ። በአሜሪካ ድሃ የሚባለው ማን ነው?

መስመሩን ያሰመረችው ሞሊ ኦርሻንስኪ የምትባል ሴት ናት። የሶሻል ሴኩሪቲ፣ ማለትም የመንግሥት የጡረታ ዋስትና መሥሪያ ቤት ባልደረባ ነበረች። ወላጆቿ ከዩክሬን የመጡ አይሁድ ስደተኞች ሲሆኑ፣ እሷ በ1915 ኒው ዮርክ ውስጥ ብሮንክስ ተወለደች (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እዚህ አገር በምንጠቀምበት አቆጣጠር ነው)። ድህነትን በወሬ አልነበረም የምታውቀው። ቤተሰቧ ውስጥ ኖራበታለች።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተጠቀመችበት ስሌት ቀላል ነበር። የግብርና መሥሪያ ቤቱ ለቤተሰብ ያዘጋጃቸው የምግብ ዕቅዶች ነበሩ። ከእነሱ ውስጥ በጣም ርካሹን ወሰደች። በ1955 የተደረገ ጥናት ደግሞ አንድ ቤተሰብ ከታክስ በኋላ ከሚቀረው ገቢ ሲሶ ያህሉን ለምግብ እንደሚያወጣ አሳይቶ ነበር። ስለዚህ የርካሹን ምግብ ዋጋ በሦስት አባዛችው። ለአራት ሰው ቤተሰብ በ1963 ወደ 3,100 ዶላር ሆነ። መንግሥት በ1969 ይህንን ይፋዊ መለኪያ አደረገው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ያ ርካሽ የምግብ ዕቅድ የተዘጋጀው ገንዘብ ላጠረበት ቤተሰብ፣ ለጊዜው እንዲያገለግል ነበር። ሰው ዓመት ከዓመት እንዲኖርበት አልታሰበም። መስመሩ ገና ከጅምሩ በጣም ዝቅ ብሎ የተሰመረ ነው ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ የተደረገበት ዋናው ነገር የዋጋ ንረቱን እያዩ ቁጥሩን ከፍ ማድረግ ነው። ስሌቱ አልተለወጠም። ኑሮው ግን ተለውጧል። ዛሬ ምግብ የቤተሰብን ወጪ ሲሶ አይወስድም፤ ስምንተኛውን ያህል ነው። የቀረውን የሚበላው ኪራይ፣ ዴይኬር፣ መኪናና ሕክምና ነው። በ2024 ሁለት ወላጅና ሁለት ልጅ ላለው ቤተሰብ መስመሩ ወደ 31,800 ዶላር ነበር። እዚህ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ብትኖሩም፣ ሚሲሲፒ ገጠር ብትኖሩም ያው ነው። በእኛ አካባቢ ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ ከ2,000 ዶላር በታች ማግኘት ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ ታውቁታላችሁ። ይህ በዓመት 24,000 ዶላር ነው። 33,000 ዶላር የሚያገኝ ባለ ሁለት ልጅ ቤተሰብ ኪራዩን ከፍሎ ለአራት ሰው 9,000 ዶላር ይቀረዋል። በይፋዊው መለኪያ ግን ድሃ አይደለም።

እንግዲህ በዚህ ዝቅተኛ መስመር እንኳ ስንለካ ታሪኩ ምን ይመስላል?

መዝገቡ በሚጀምርበት በ1959 ከመቶ አሜሪካውያን 22.4ቱ ድሃ ነበሩ። 39 ሚሊዮን ተኩል ሕዝብ ነው። ከጥቁር አሜሪካውያን መካከል ደግሞ ከግማሽ በላይ፣ 55 በመቶ። ከዚያ ቁጥሩ በፍጥነት ወረደ። በ1973 11.1 በመቶ ደረሰ። በ14 ዓመት ውስጥ በግማሽ ቀነሰ ማለት ነው። ኢኮኖሚው ያድግ ነበር፣ ደመወዝም አብሮ ያድግ ነበር። ሕጎችም ወጡ። ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን በጃንዋሪ 1964 ለምክር ቤቱ ባደረገው ንግግር በድህነት ላይ ጦርነት አወጀ። በዚያው ዓመት ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የምግብ ድጎማ የሚሰጠው የፉድ ስታምፕ ሕግ ወጣ። በ1965 የአዛውንቶች የሕክምና መድን የሆነው ሜዲኬርና የድሆች የሕክምና መድን የሆነው ሜዲኬድ ተፈረሙ።

ከ1973 በኋላ ግን መውረዱ ቆመ። በ1983 ወደ 15.2 በመቶ ወጣ። በ1993 15.1 ነበር። በ2000 ወደ 11.3 ወረደ። ከትልቁ የፋይናንስ ቀውስ በኋላ በ2010 እንደገና 15.1 ሆነ። በ2019 10.5 በመቶ ደርሶ ከተመዘገበው ሁሉ ዝቅተኛ ሆነ። በ2024 10.6 በመቶ፣ ማለትም ወደ 36 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ነበር።

1973ንና 2024ን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። 11.1 እና 10.6። በመካከላቸው ግማሽ ምዕተ ዓመት አለ። በዚያ ጊዜ ውስጥ የአገሪቱ ሀብት ለእያንዳንዱ ነዋሪ ቢካፈል፣ የዋጋ ንረቱ ተቀንሶ እንኳ፣ ከእጥፍ በላይ አድጓል። ኮምፒውተሩ፣ ኢንተርኔቱ፣ ስልኩ ሁሉ የመጣው በዚህ ዘመን ነው። ድህነቱ ግን በይፋዊው መለኪያ ብዙም ፈቀቅ አላለም።

ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። ትልቁ ግን ደመወዝ ይመስለኛል። የፌዴራሉ ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ በ1968 1.60 ዶላር ነበር። በዛሬ ዋጋ ከ14 ዶላር በላይ ማለት ነው። ዛሬ ስንት ነው? 7.25። ከጁላይ 2009 ጀምሮ አንድ ሳንቲም አልተጨመረበትም። በዚህ ክፍያ ዓመቱን ሙሉ በሳምንት 40 ሰዓት የሠራ ሰው 15,080 ዶላር ያገኛል። አንድ ልጅ ብቻ ቢኖረው እንኳ ከድህነት መስመር በታች ነው። ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ የራሳቸውን ከፍ ያለ ወለል አውጥተዋል። ዳላስና አትላንታ ላሉት ወገኖቻችን ግን ሕጉ የሚያስከብርላቸው ያችኑ 7.25 ናት። የሠራተኛ ማኅበርም ተዳክሟል። በ1950ዎቹ ከሦስት ሠራተኞች አንዱ ገደማ የማኅበር አባል ነበር፤ በ2024 ከአሥሩ አንዱ እንኳ አልሞላም።

«የሠራ ያልፍለታል» የሚለው አባባል ለብዙዎቻችን እውነት ሆኗል፤ አልክድም። ዕቁብ ገብተው፣ ኦቨርታይም ሠርተው፣ ቤት ገዝተው፣ ልጅ ዶክተር ያደረጉ አሉ። ክብር ይገባቸዋል። ነገር ግን እነሱ ስላለፈላቸው ሌላው ያላለፈለት በስንፍናው ነው ማለት አይቻልም። ዘጠኝ ሰዓት ቆማ አዛውንት የምታነሳ፣ የምታጥብ፣ የምታጎርስ ሴት ከማን አንሳ ነው ሰነፍ የምትባለው? የከፈሏት ትንሽ ስለሆነ ነው።

አሁን ወደ አዛውንቶቹ ልውሰዳችሁ። በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ተስፋ የሚሰጠኝ የእነሱ ነገር ነው።

በ1959 ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ ከሆናቸው አሜሪካውያን ከመቶ 35ቱ ድሆች ነበሩ። ከልጆችም ከጎልማሶችም ይበልጥ የደኸዩት እነሱ ነበሩ። ዛሬ በይፋዊው መለኪያ 10 በመቶ ገደማ ናቸው። ይህን ያመጣው የአዛውንቶቹ ትጋት ነው እንዴ? በ80 ዓመት ዕድሜ ማን ሥራ ጨመረ? ያመጣው ሶሻል ሴኩሪቲ ነው። ምክር ቤቱ በ1970 ክፍያውን 15 በመቶ ጨመረ። በ1971 10 በመቶ፣ በ1972 20 በመቶ ጨመረ። ከዚያ ደግሞ ክፍያው ከኑሮ ውድነት ጋር በየጊዜው በራሱ እንዲያድግ በሕግ ተወሰነ፤ ከ1975 ጀምሮም ሥራ ላይ ዋለ። ምንም ለሌላቸው አዛውንቶችና አካል ጉዳተኞች ኤስኤስአይ የሚባለው ድጎማ በ1972 ወጣ። እነዚህን የ1972 ሕጎች የፈረመው ሪፐብሊካኑ ሪቻርድ ኒክሰን ነው። ይህን የማነሳው ነገሩ የአንድ ፓርቲ ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ እንድታዩልኝ ነው።

በ2023 ሶሻል ሴኩሪቲ ብቻውን ከ27 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን ከድህነት መስመር በላይ አድርጓል። ይህን ያህል ሰው የሚያነሳ ሌላ ፕሮግራም በአገሪቱ የለም።

እኛም ይህን በቤታችን እናውቀዋለን። ስንት እናቶችና አባቶች ከአገር ቤት መጥተው ከልጆቻቸው ጋር ይኖራሉ። በ1996 የወጣው የዌልፌር ሕግ ግሪን ካርድ ያላቸው አብዛኞቹ አዲስ መጤዎች ለአምስት ዓመት ከፌዴራል ድጎማዎች እንዲርቁ አደረገ። ኤስኤስአይን ደግሞ ከጥቂት ሁኔታዎች በስተቀር ለዜጋ ብቻ አደረገው። ብዙ እናቶቻችን በስተርጅና የፕሬዚዳንቶችን ስም እየሸመደዱ ለዜግነት ፈተና የሚያጠኑበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ሕግ ኑሯቸውን ሲለውጥ በዓይናችን አይተናል።

የልጆቹ ግን እንደ አዛውንቶቹ አልሆነም። በ1959 ከመቶ ልጆች 27ቱ ድሆች ነበሩ። በ1969 ወደ 14 ወረደ። በ1993 22.7 ሆነ። በ2010 22። በ2019 ተመልሶ 14.4። የ1969 ልጅ ዛሬ አያት ሆኗል። የልጅ ልጁ ግን እሱ በነበረበት ቁጥር ላይ ነው። አዛውንት ድምፅ ይሰጣል፤ ልጅ ድምፅ አይሰጥም። ለልዩነቱ ከዚህ የቀረበ ምክንያት አላገኘሁም።

እስካሁን የጠቀስኩት ይፋዊው መለኪያ አንድ ትልቅ ጉድለት አለበት። ፉድ ስታምፕን አይቆጥርም። የቤት ኪራይ ድጎማን አይቆጥርም። በታክስ የሚመለሰውን ገንዘብ አይቆጥርም። ስለዚህ መንግሥት ለድሃ የሚያደርገው አብዛኛው ነገር በቁጥሩ ላይ አይታይም። «ያ ሁሉ ገንዘብ ወጥቶ ምን ለውጥ መጣ?» የሚሉ ፖለቲከኞች የሚጠቅሱት ይህንኑ ቁጥር ነው። የሕዝብ ቆጠራ ቢሮ ከ2011 ጀምሮ እነዚህን የሚቆጥር፣ ታክስንና የሕክምና ወጪን የሚቀንስ፣ የየአካባቢውን የኪራይ ዋጋ የሚያይ ተጨማሪ መለኪያ ያወጣል። የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህን ዓይነት መለኪያ ወደ ኋላ ወስደው ሲያሰሉ፣ ድህነት በ1967 ከነበረበት 26 በመቶ ገደማ በ2012 ወደ 16 በመቶ ወርዶ አገኙት። ድጎማውና የታክስ ተመላሹ ባይቆጠር ኖሮ ግን ምንም መቀነስ አልነበረም። ሰው ከሥራና ከገበያ የሚያገኘው ገቢ በራሱ ድህነቱን አልቀነሰውም ማለት ነው። የቀነሰው ሕግ ነው።

ይህን ከምንም በላይ ግልጽ ያደረገው ግን 2021 ነው። እዚህ ጋ ትንሽ ታገሡኝ።

በማርች 2021 የወጣው ሕግ ቻይልድ ታክስ ክሬዲትን፣ ማለትም በታክስ በኩል በልጅ ስም ለወላጆች የሚሰጠውን ገንዘብ፣ ለአንድ ዓመት ለወጠው። በፊት በአንድ ልጅ እስከ 2,000 ዶላር ነበር። ከስድስት ዓመት በታች ላሉት 3,600፣ ከስድስት እስከ አሥራ ሰባት ላሉት 3,000 ሆነ። ከጁላይ እስከ ዲሴምበርም ግማሹ በየወሩ ይገባ ጀመር፤ ለትንሹ ልጅ 300፣ ለትልቁ 250 ዶላር። ዋናው ለውጥ ግን ሌላ ነው። ገቢያቸው በጣም ዝቅተኛ የሆነ ወላጆች ሙሉውን ማግኘት ቻሉ። ከዚያ በፊት ብዙ የሚያገኝ ሙሉ ይወስድ ነበር፤ ትንሽ የሚያገኝ ትንሽ ይወስድ ነበር፤ ምንም ያላገኘ ምንም አያገኝም ነበር።

የዚያን ዓመት ውጤት አስታውሱት። በተጨማሪው መለኪያ የልጆች ድህነት በ2019 12.6 በመቶ ነበር። በ2020 9.7 ሆነ። በ2021 5.2 በመቶ ሆነ። በአገሪቱ ታሪክ ከተመዘገበው ሁሉ ዝቅተኛው ነው። ለሁሉም የተላከው የድጎማ ቼክና ፉድ ስታምፑ ላይ የተጨመረውም ረድተዋል፤ ክሬዲቱ ብቻውን አልነበረም። ነገር ግን ኮሮና አገሩን አንቀጥቅጦት፣ ሰው ከሥራ ተፈናቅሎ፣ የልጆች ድህነት በግማሽ ሲወርድ ያየንበት ሌላ ጊዜ የለም።

በዚያ ዓመት ታክስ ሲያሠሩ የነበሩ እናቶች የነገሩኝን አስታውሳለሁ። አንዷ ለልጇ የክረምት ጃኬት በወቅቱ ገዛች። አንዷ የመብራት ዕዳዋን ከፈለች። አንዷ እሑድ እሑድ የምትሠራውን ተጨማሪ ሺፍት ትታ ከልጆቿ ጋር ዋለች። በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረጉ ጥናቶችም ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ቤተሰቦች ገንዘቡን ያዋሉት በዋናነት ለምግብ፣ ለልብስ፣ ለኪራይና ለትምህርት ነው። «ሰው ሥራ ያቆማል» የሚል ስጋት ነበር። በረጅም ጊዜ ምን ይሆን ነበር በሚለው ላይ ኢኮኖሚስቶች ተከራክረዋል። ገንዘቡ በገባባቸው ወራት ግን ሥራ ላይ ትልቅ መቀነስ አልታየም።

ከዚያ ቆመ። በዲሴምበር 2021 የሚያስፈልገው ድምፅ ሴኔት ውስጥ ስላልተሟላ ሕጉ አልተራዘመም። እነዚሁ የኮሎምቢያ ተመራማሪዎች እንዳሰሉት የልጆች ወርኃዊ ድህነት በዲሴምበር 12.1 በመቶ ነበር፤ በጃንዋሪ 2022 17 በመቶ ሆነ። በአንድ ወር 3.7 ሚሊዮን ልጆች ተመልሰው ድህነት ውስጥ ገቡ። በዓመቱ ሲሰላ 5.2 የነበረው 12.4 ሆነ። በ2023 13.7።

እለምናችኋለሁ፣ ይህን አስቡት። በዲሴምበርና በጃንዋሪ መካከል የእነዚህ 3.7 ሚሊዮን ልጆች ወላጆች ሰነፉ እንዴ? አልሰነፉም። ያው ሰው፣ ያው ሥራ፣ ያው ልጅ ነው። የተለወጠው ሕጉ ብቻ ነው።

ክሬዲቱን በዚያ መጠን መቀጠል በዓመት ከ100 ቢሊዮን ዶላር በላይ ይጠይቃል። ብዙ ገንዘብ ነው፤ «አገሪቱ አትችልም» የሚል ሰው አጋጥሞኛል። ለአዛውንቶቹ ስንችል ግን ለልጆቹ የማንችልበት ምክንያት አይገባኝም።

አሁን ያለው ሕግ እንዴት እንደሚሠራ በቁጥር ላሳያችሁ። ሁለት ልጆች ያሏትና በዓመት 12,000 ዶላር የምታገኝ ብቸኛ እናት እንውሰድ። ከቻይልድ ታክስ ክሬዲት ለሁለቱም ልጆች የምታገኘው 1,425 ዶላር ነው። 300,000 ዶላር የሚያገኙ ባልና ሚስት ደግሞ ለሁለት ልጅ 4,400 ዶላር ይወስዳሉ። ለእናቲቱ ከ1975 ጀምሮ ያለው ለዝቅተኛ ደመወዝተኛ የሚሰጠው ሌላ ክሬዲት አለ፤ ያ ባይኖር ከዚህም ይብስ ነበር። ነገር ግን በልጅ ስም በሚሰጥ ገንዘብ ላይ፣ ከድሃው ልጅ ይልቅ የሀብታሙ ልጅ ሦስት እጥፍ የሚያገኝበትን ሕግ ትክክል ነው የሚል ሰው ካለ ቢያስረዳኝ እወዳለሁ። ይህን ፎርም ስሞላና እናቲቱ «ለምንድን ነው እንዲህ ያነሰው?» ብላ ስትጠይቀኝ መልስ አጣለሁ።

ለማስተካከል ሙከራ ነበር። በጃንዋሪ 2024 የተወካዮች ምክር ቤት ይህን ጉድለት በከፊል የሚያቃና ሕግ 357 ለ70 በሆነ ድምፅ አሳለፈ። ሁለቱም ፓርቲዎች ደግፈውት ነበር። በኦገስት ሴኔት ውስጥ የሚያስፈልገው 60 ድምፅ አልተገኘም፤ 48 ለ44 ሆኖ ቀረ። ያኔ ከመካከላችን ስንቱ ለሴናተሩ ደወለ? በማኅበረሰባችን ሬዲዮና በዩቲዩብ ቻናሎቻችን ላይ ሲወራ አልሰማሁም።

በጁላይ 2025 የተፈረመው ትልቁ ሕግ ክሬዲቱን ወደ 2,200 አሳደገው፤ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነው ግን ያልኳችሁ ጉድለት እንዳለ ነው። ፉድ ስታምፕ ለማግኘት መሥራትን ግዴታ የሚያደርገውን ደንብ እስከ 64 ዓመት ዕድሜ አሰፋው። ሜዲኬድንም ቀነሰ። እኛን በቀጥታ የሚነካም አለበት። ከዚህ በፊት ስደተኛ ሆኖ የመጣ ወይም አሳይለም (ጥገኝነት) ያገኘ ሰው ፉድ ስታምፕ ወዲያው ማግኘት ይችል ነበር። አሁን ግሪን ካርድ እስኪያገኝ ድረስ አይችልም። ከሱዳን ወይም ከኬንያ ካምፕ ልጆቿን ይዛ የመጣች እናት፣ ድጋፉ ከምንም በላይ በሚያስፈልጋት የመጀመሪያ ወራት ታጣዋለች። የግብርና መሥሪያ ቤቱም በሴፕቴምበር 2025 ስንት ቤተሰብ የሚበላው እንደሚያጣ በየዓመቱ የሚያወጣውን ሪፖርት ወደፊት እንደሚያቆም አስታውቋል። የሞሊ ኦርሻንስኪ መስመር ጉድለት ቢኖረውም፣ ቢያንስ ስልሳ ዓመት ሙሉ ቆጥሯል። የማይቆጠር ችግር ማን ይከራከርበታል?

ስለራሳችን ደግሞ ግልጽ ልሁን። እኛ ጋ ድህነት ነውር ነው። ዕድራችን ሰው ሲሞት በአንድ ቀን አስከሬን አገር ቤት ለመላክ ገንዘብ ያዋጣል። በጣም የምኮራበት ነገር ነው። ኪራይ አቅቶት ከነልጆቹ ሊወጣ የደረሰ ሰው ግን ለማንም አይናገርም፤ እኛም አንጠይቅም። ሳምንት ሙሉ አብረነው ቤተክርስቲያን ወይም መስጊድ እንውላለን፤ ቤዝመንት ውስጥ አራት ሆነው በአንድ ክፍል እንደሚያድሩ አናውቅም። የሚገባውን ድጋፍ እንኳ የማይጠይቅ አለ። አንዳንዱ «ሰው ምን ይለኛል» ይላል። አንዳንዱ ደግሞ ግሪን ካርዴን ያስከለክለኛል ብሎ ይፈራል። ድጋፍ መውሰድን ለግሪን ካርድ እንቅፋት የሚያደርግ በ2019 ወጥቶ የነበረው ጠንካራ ደንብ በ2021 ተሽሯል፤ ፍርሃቱ ግን አልተሻረም። እንዲህ ያለ ጥያቄ ያለው ሰው በወሬ ሳይሆን የሕግ ባለሙያ ጠይቆ ይወስን።

ዝምታችን ሌላም ጉዳት አለው። አንድ ተወካይ ስለ ልጆች ድህነት ሲያስብ የእኛ ልጆች አይታዩትም። ስለ ኢትዮጵያ ጦርነትና ሰላም ወደ ካፒቶል ሰልፍ ስንወጣ አይተውናል። ደብዳቤ ስንጽፍ፣ ስልክ ስንደውል፣ ፊርማ ስናሰባስብ አይተውናል። ያውቁናል። ለዚያ ያዋልነውን ጉልበት ግማሹን እዚሁ አብረውን ለሚኖሩ ልጆች ብናውለው ይሰማሉ።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው። የተወካዮች ምክር ቤት አባላት በየሁለት ዓመቱ ድምፃችሁን ሊለምኑ ይመጣሉ። ወደ ምግብ ቤቶቻችን ይመጣሉ፣ በበዓሎቻችን ላይ ነጠላ ለብሰው ፎቶ ይነሳሉ። ፎቶው ይነሳ፤ ግን አንድ ጥያቄ ጠይቁልኝ። በዓመት 12,000 ዶላር የምታገኝ እናት ለልጆቿ ሙሉውን ክሬዲት እንድታገኝ ድምፅህን ትሰጣለህ ወይስ አትሰጥም? ስለ 7.25ም ጠይቁ። ስለ አዲስ መጤ ስደተኞች ምግብም ጠይቁ። መልሱን በአማርኛ ጽፋችሁ በየማኅበሩና በየቴሌግራም ግሩፑ አውጡት። ካህናትና ኢማሞች፣ የዕድር ሰብሳቢዎች፣ የሬዲዮ አዘጋጆች፣ እናንተ ብታነሱት ሰው ይሰማችኋል። በክፍለ ግዛት ደረጃም የሚሠራ አለ። ሚኒሶታ በ2023 በአንድ ልጅ እስከ 1,750 ዶላር የሚሰጥ የራሷን ክሬዲት አውጥታለች። ቨርጂኒያና ጆርጂያ ያላችሁ፣ የእናንተው የክፍለ ግዛት ተወካዮች ለምን ይህን ያህል እንደማያደርጉ ጠይቋቸው።

ዲሲ ያላችሁ ወገኖቼ ደግሞ ሴኔት ውስጥ ድምፅ ያለው ተወካይ የላችሁም። ያ ራሱ ሌላ ደብዳቤ የሚያስጽፍ በደል ነው። እስከዚያው ግን ሴናተር ባለበት ክፍለ ግዛት የሚኖር ወንድም፣ እህት ወይም አክስት የሌለው ሰው ከመካከላችሁ ጥቂት ነው። ለእነሱ ደውሉላቸው፤ የሴናተራቸውን ቢሮ ስልክ ቁጥር ላኩላቸው፤ በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ መደወላቸውን ጠይቋቸው።

ከአክብሮት ጋር፣
ሰሜን ቨርጂኒያ የምትኖር ወገናችሁ